አምስት ቀን ሽምግልና፣ ከገና ግርግር በፊት

አስቀድሜ ልናገር። ይህን የምጽፈው ከትዝታ ነውና አንዳንዱን አዛብቼ ይሆናል። የከተማዪቱን ስም ልጄ ደጋግማ ነግራኛለች፤ እኔ ግን አፌ ላይ አልቆም ብሎኛል። ጀርመን አገር መሆኗን በፓስፖርቴ ላይ ካለው ማኅተም አረጋግጫለሁ። ስንት ፎቅ በእግራችን እንደ ወጣን ደግሞ አብረውኝ የሄዱት አቶ ሙሉነህ ሦስት ነው ይላሉ፣ እኔ አምስት ነው እላለሁ። ጉልበቴ ምስክሬ ነው። ለእናንተ ለአንባቢዎቼ ግን ፎቁ ሦስትም ሆነ አምስት የነገሩን ፍሬ አይለውጠውም።

በእኛ አገር ሰው ከተማ የሚሄደው ምክንያት ሲኖረው ነው። ከቢቸና ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሳፈር ሰው ካያችሁ ወይ ይግባኝ አለው፣ ወይ ሐኪም ቤት የተኛ ዘመድ አለው፣ ወይ ማኅተም የሚጎድለው ወረቀት ይዟል። «ኧረ ምንም የለኝ፣ ከተማውን አይቼው ልምጣ ብዬ ነው» የሚል ሰው ቢገኝ ቤተሰቡ በማግሥቱ ጠበል ይወስደዋል። ፈረንጅ ግን እንዲህ አይደለም አሉ። የራሱን ከተማ ቆልፎ የሰው ከተማ ሊያይ ይሄዳል፤ አራት ወይም አምስት ቀን ያያል፤ ተመልሶ የራሱን ይከፍታል። ለዚህ ነገር ወቅት አለው። ቅጠል ረግፎ ያለቀበት፣ በረዶ ያልጀመረበት፣ የገና ግርግር ያልገባበት፣ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር ላይ የሚውል አንድ ባዶ ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ሆቴሉ ጭር ይላል፣ አውሮፕላኑም ወንበር ይተርፈዋል፣ ዋጋው ይወርዳል። ይህን ያስረዳችኝ ልጄ እናኑ ናት። ሆቴል ውስጥ አልጋ ስለምታነጥፍ፣ ማን መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደሚሄድ ከአንሶላው ታውቀዋለች።

እናኑን እናቷ ካረፈች በኋላ የዳርኳት እኔ ነኝ። ያገባችው ይበልጣል የሚባል የሞጣ ልጅ ነው። አባቱ ቅድም የጠቀስኳቸው አቶ ሙሉነህ ናቸው፤ ከብት ነጋዴ፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ከቁመታቸው የሚረዝም። እኔ ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት ወረቀት ስደረድር ያሳለፍኩ፣ በር ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ ሁለት ጊዜ ተመልሼ የምፈትሽ ሰው ነኝ። እርሳቸው የአንድ በሬ ጥርስ አይተው የበሬውንም የባለቤቱንም ታሪክ የሚናገሩ ናቸው። ልጆቻችን ባይጋቡ ኖሮ በአንድ ጠረጴዛ የምንቀመጥ ሰዎች አልነበርንም።

ልጆቹ ውጭ አገር ገብተው ሰባት ዓመት ያህል ደህና ኖሩ። ከዚያ በኋላ በስልክ ስናነጋግራቸው አንዱ ሲኖር አንዱ የማይኖር ሆነ። «ይበልጣልስ?» ስል «ሥራ ላይ ነው» ትላለች። አቶ ሙሉነህ ሞጣ ሆነው «እናኑስ?» ሲሉ «ሥራ ላይ ናት» ይላቸዋል። አንድ ቀን ጠዋት በደብረ ወርቅ በኩል በሚመጣው አውቶቡስ ተሳፍረው ቢቸና ደረሱና ገና ሳይቀመጡ፣

«አቶ ዓለሙ፣ እነዚህ ልጆች ተጣልተዋል» አሉኝ።

«እኔም ጠርጥሬያለሁ።»

«ጠርጥረው ዝም አሉ?»

«እርግጠኛ እስክሆን ብዬ ነው።»

«አንቱ እርግጠኛ እስኪሆኑ እኮ ልጆቹም ያረጃሉ!»

ስልክ ተደወለ። አቶ ሙሉነህ በዚያ ድምፃቸው «ፊት ለፊት ሳላያችሁ አንዲት ቃል አልሰማም፤ በእግሬም ቢሆን እመጣለሁ» ብለው ዘጉት። ልጆቹ «እውነትም እሳቸው በእግራቸው ይመጣሉ» ብለው ፈሩ መሰለኝ፣ ትንሽ ሰንበት ብሎ የግብዣ ወረቀት ለሁለታችን መጣ። ከኅዳር ዘጠኝ እስከ ኅዳር ዐሥራ ሦስት። ጾመ ነቢያት ሳይገባ እንመለሳለን። ጤፉ ገና ባይታጨድም የእህቴ ልጆች አሉ። እንዲህ ሆኖ ነው ከቢቸና አንድ፣ ከሞጣ አንድ ሽማግሌ፣ ፈረንጅ ከተማ በሚያይበት በርካሹ ወቅት ትዳር ሊያቆሙ አውሮፓ የወረዱት።

እናኑ በር ከፍታ ስታቅፈኝ ክብደቷን ለካሁ። ከስታለች። ወዲያው አድራሻ በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ፤ የመንገዱ ስም፣ ከዚያ ቁጥሩ። «ብትጠፉ ይህን አሳዩ» አለች። እኔ ወረቀቱን በሸሚዜ ኪስ ከትቼ በመርፌ ቁልፍ ቆለፍኩት። አቶ ሙሉነህ «እኔ ጠፍቼ አላውቅም» ብለው የራሳቸውን ጠረጴዛ ላይ ተዉት።

ቀጥሎ ደወል ጮኸ። ይበልጣል ነበር። የአባቱን ጉልበት ሳመ፣ የእኔን ሳመ፣ ዳቦ ይዞ መጥቷል። እኔ ግን አንድ ነገር አእምሮዬ ውስጥ ተሰካ። ሰው የራሱን ቤት ደወል ይደውላል? ቁልፍ ረስቶ ይሆናል አልኩ። ቁልፍ የሚረሳ ሰው ለእኔ ሁልጊዜም ያሳስበኛል።

በማግሥቱ ለሽምግልና ተቀመጥን። ሽምግልናን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ ጸሎት ይደረጋል፤ ከዚያ ከሳሽ ይናገራል፣ ተከሳሽ ይመልሳል፣ ሁለቱም ወደ ውጭ ይባላሉ፣ ሽማግሌ ይመክራል፣ አልተስማሙም፣ ቀጠሮ ለሳምንት። በሳምንቱ እንደገና። አንድ ትዳር ለማስታረቅ ከሦስት ቀጠሮ በታች ከወሰደ እኛ ቢቸናዎች ሥራው በደንብ አልተሠራም እንላለን። እዚያ ግን ቀጠሮ የምንሰጥበት ሳምንት የለንም። የአውሮፕላኑ ወረቀት ለአምስት ቀን ነው የተቆረጠው። ባልና ሚስቱ ሶፋ ላይ ተራርቀው ተቀምጠዋል፤ ወደ ውጭ እንዳንላቸው ውጭው ብርድ ነው። ይበልጣል ሰዓቱን ያያል። ማታ የሚገባበት ሥራ አለው አሉ።

እናኑ ጉሮሮዋን ጠራርጋ «እኛ እኮ አባባ፣ እናንተን የጠራናችሁ አንድ ነገር ልንነግራችሁ…» ብላ ጀመረች።

አቶ ሙሉነህ አላስጨረሷትም። ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። «ልጄ፣ አንቺም አንተም ስሙ! እኔና አባትሽ ባሕር ተሻግረን የመጣነው ከሳሽና ተከሳሽ ልንሰማ አይደለም። እርቅ ካላወረዳችሁ በዚህ ቤት እህል አንቀምስም። ውሃም አንጠጣም። እንደ መጣን በረሃባችን እንመለሳለን!»

ይህ የኖረ የሽማግሌ መሣሪያ ነው። ሽማግሌ ሳይቀምስ ከወጣ ለቤቱ ነውር ነው፤ ለዚያም ነው በመጨረሻው ቀጠሮ ላይ ብቻ የሚመዘዘው። እርሳቸው በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት መዘዙት። እኔ ምን አማራጭ አለኝ? «አንቀምስም» አልኩ። እናኑ ወደ እኔ ዞረች። የጨጓራ መድኃኒቴን በየስምንት ሰዓቱ ከምግብ በኋላ እንደምውጥ ታውቃለች፤ ጠዋት ራሷ ናት በውሃ ያቀበለችኝ። ወደ ይበልጣል አየች። እሱ አባቱን አየ። ሁለቱ እንዲያ ከተያዩ ዓመት ያለፋቸው ይመስሉ ነበር።

«እሺ» አለ ይበልጣል።

«እሺ» አለች እናኑ። «ታርቀናል።»

ይኸው ነው። የመሬት ሙግት እንኳን በዚህ ፍጥነት ለቀጠሮ አይቀርብም። ተነሥተው አቀፉን፣ እኛን እንጂ እርስ በርሳቸው አልተቃቀፉም፤ ምግብ ቀረበ። አቶ ሙሉነህ እየጎረሱ «አዩ አቶ ዓለሙ፣ የአውሮፓ እርቅ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው!» አሉኝ። እኔም ሳቅሁ። ግን ትክክል ያልሆነ ፋይል በትክክለኛው መደርደሪያ ላይ ሳይ የሚሰማኝ ስሜት ተሰማኝ።

በሦስተኛው ቀን እናኑ ከተማውን አሳየችን። አደባባዩ ላይ ትንንሽ የእንጨት ጎጆዎች በመደዳ ተሠርተዋል፤ ጣሪያቸው ተመትቷል፣ በራቸው ተዘግቷል። የገና ገበያ ነው፣ ግን የሚከፈተው እኛ ከሄድን በኋላ ነው። በመንገዱ ላይ ከቤት ቤት የተዘረጋ የመብራት ገመድ አለ፤ አልበራም። ትልቅ የጥድ ዛፍ አምጥተው አቁመዋል፤ አላሸበረቁትም። አቶ ሙሉነህ «ታዲያ እኛ ምኑን ነው የምናየው?» ሲሉ እናኑ «ለዚህ እኮ ነው ጋሼ ርካሽ የሆነው» አለቻቸው። እውነቷን ነው። ሁሉ ነገር ተሰናድቷል፣ ምንም አልተከፈተም። ከቱሪስቶቹ ጋር ተሰልፈን የተዘጋ በር እየዞርን አየን። ትላልቅ ሴትዮዎች ፎቶ ያነሣሉ፤ እኔ ልጄን አያለሁ። ለሁሉም ነገር «እንዲህ ነው» እያለች ታስረዳለች፣ ስለ ራሷ ግን አንዲት ነገር አላለችም።

ያን ቀን ይበልጣል ማታ ሥራ ገባ፤ ከዚያ በፊትም ገብቷል። ጠዋት ደወል ደወለ። ዳቦ ይዟል።

አራተኛው ቀን ኅዳር ዐሥራ ሁለት፣ የሚካኤል ዕለት ነበር። ይህን ቀን የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም፤ ካለ ግን ልንገረው። በአያቶቻችን ዘመን በኅዳር ወር ብርቱ በሽታ ገብቶ አገር ጨርሶ ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ በዚህ ቀን ሰው ሁሉ ግቢውን ጠርጎ፣ ቆሻሻውን ከምሮ፣ በእሳት ያጥነዋል። በሽታ በጭሱ ይሄዳል። ቢቸና ያን ቀን ከዳር እስከ ዳር ትጨሳለች፤ ባጃጅ ነጂዎች እንኳን መብራት አብርተው ነው የሚሄዱት። እናቴ ያላጠነ ቤት ክፉ አይርቀውም ትል ነበር፤ እኔም ሰባ ዓመት ሙሉ ሳላጥን የዋልኩበት ኅዳር አላስታውስም።

እኔና አቶ ሙሉነህ ወደ ግቢው ወረድን። ከፎቁ ሥር ትልልቅ ዛፎች አሉ፤ ቅጠላቸው ረግፎ፣ አንድ ሠራተኛ በሚነፋ መኪና ሰብስቦ፣ ለሚቀጥለው ቀን ሊጭነው ቁመታችንን የሚያህል ክምር ትቶ ሄዷል።

«አቶ ዓለሙ፣ ይህን ክምር ያዩታል?»

«አየዋለሁ።»

«ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«አቶ ሙሉነህ፣ ይተዉ። የሰው አገር ነው።»

«የሰው አገር በሽታ የለውም?»

አልኩ እንጂ፣ ክብሪቱ የነበረው በእኔ ኪስ ነው። ጠዋት ከእናኑ ወጥ ቤት መሳቢያ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ለምን እንዳነሣሁት ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ለእናንተ ልናገር። ይበልጣል የሚደውለው ደወል ሌሊቱን እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር። ቤቱ ታሟል፤ በሽታውን እኔ አላውቀውም፤ የማውቀው ብቸኛ መድኃኒት ጭስ ነው። ጎንበስ ብዬ ለኮስኩ። «ሚካኤል ሆይ፣ ከልጄ ቤት ያለውን አውጣው» አልኩ በሆዴ።

ቅጠሉ እርጥብ ነበር። እሳት የለውም፣ ጭስ ብቻ ነው። ግን ምን ዓይነት ጭስ! ነጭ፣ ወፍራም፣ ቀጥ ብሎ በየመስኮቱ እየገባ ወደ ላይ ወጣ። አቶ ሙሉነህ በደስታ «እሰይ! ይህ ነው ማጠን!» አሉ። መስኮቶች ተከፈቱ፣ መስኮቶች ተዘጉ፣ አንዲት ሴት ጮኸች። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ቀይ የእሳት አደጋ መኪና እየጮኸ ደረሰ። የራስ ቁር ያደረጉ ስድስት ሰዎች ወረዱ። ለሁለት ሽማግሌና ለአንድ ክምር ቅጠል ስድስት ሰው! ቱቦውን ሲዘረጉ እኔ እጆቼን ወደ ላይ አነሣሁ። ማንም አንሣ ያለኝ የለም።

እናኑ ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ከላይ ሮጣ ወረደች። ይበልጣል ከመንገዱ ማዶ፣ ዳቦውን በብብቱ ይዞ፣ እየሮጠ መጣ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ በጀርመንኛ መናገር ጀመሩ። አንዱ ሲጀምር አንዷ ትጨርሳለች፤ እሷ ሲጠፋባት እሱ ያቀብላታል። ልብ ብዬ ያየሁት ነገር፣ እናኑ የቆመችው በአቶ ሙሉነህ ፊት ነው፤ ይበልጣል ደግሞ በእኔ ፊት ቆሞ፣ አንድ እጁን ወደ ኋላ ልኮ ክንዴን ይዟል። ምን እንዳሉ አላውቅም፣ ግን የእሳት አደጋው አለቃ ፊቱ ቀስ በቀስ ፈታ፤ ወደ እኛ አይቶ ሳቅ አለና ጣቱን ነቀነቀብን። ከዚያ ወረቀት አውጥቶ ይበልጣልን ስምና አድራሻ አስሞላው።

የመዝገብ ቤት ሰው ወረቀት ተገልብጦም ያነባል። የጀርመንን ፊደል ባላውቀውም፣ ቁጥር ግን በየትም አገር ቁጥር ነው። ይበልጣል የጻፈው ቁጥር በሸሚዜ ኪስ ካለው ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር አይደለም። የመንገዱም ስም ይረዝማል። ሰው ለመንግሥት ወረቀት ሲሞላ የሚጽፈው የሚያድርበትን ነው።

ገባኝ። የማታ ሥራ የለም። ዳቦውን ገዝቶ የሚመጣው ከሌላ ቤት ነው። የተጣሉ ባልና ሚስት አልነበሩም፤ ተለያይተው ያለቀላቸው ሰዎች ነበሩ፣ እህል አንቀምስም ስላልን ለአምስት ቀን የታረቁ።

ዞር ብዬ አቶ ሙሉነህን አየሁ። ጭሱ ዓይናቸውን አስለቅሶት እየሳቁ «አዩ ልጆቻችንን? አንድ አፍ ሆኑ እኮ!» አሉኝ። ይህን ሰው እንዴት ብዬ ልንገረው? «አየሁ» አልኩ። «ተመስገን።»

ተመልሼ ቢቸና ስገባ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። አቶ ሙሉነህ ከአዲስ አበባ ጀምሮ በየመናኸሪያው ሲናገሩ ነው የመጡት። ያላሰብኩት ጣጣም መጣብኝ፤ «አውሮፓ ድረስ ሄዶ በአንድ ቀን ያስታረቀ» ተብዬ፣ የተጣላ ሁሉ እኔን ይጠራ ጀመር። ይህ ሁሉ ዘመን ወረቀት ስጠብቅ አንድም ሰው ምክር ጠይቆኝ አያውቅም። አሁን በሳምንት ሁለት ጊዜ ከሰው ቤት ነኝ። ደከመኝ። ደግሞ እኮ አንዳንዶቹ ይታረቃሉ። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እህል አንቀምስም የሚል ሽማግሌ ሲኖር፣ ቀስ ብዬ እጁን እይዘዋለሁ።

እናኑ በየእሑዱ ትደውላለች። «ለይበልጣልም ሰላም በይልኝ» እላታለሁ። «እሺ አባባ» ትላለች። ሁለት ዓመት እንዲህ አልን። እሷ እኔን ላለማሳዘን ትዋሻለች፣ እኔ እሷን ላለማሳፈር እታለላለሁ፣ የስልኩም መሥመር ሁለታችንንም ይሸከማል። አቶ ሙሉነህም ለገበያ ቢቸና በመጡ ቁጥር እኔ ቤት ያርፋሉ። «ልጆቻችን ደህና ናቸው» ይሉኛል። «ደህና ናቸው» እላለሁ። ባለፈው ጥቅምት ግን በሬ ሊገዙ ራቅ ወዳለ ገበያ እንደሚሄዱና ትንሽ እንደሚቆዩ ነግረውኝ ጠፉ። የት ገበያ እንደሆነ ስጠይቃቸው ጫማቸውን ማሰር ጀመሩ።

ከዚያ ኅዳር ዐሥራ ሁለት ደረሰ። ግቢዬን ጠርጌ፣ ከምሬ፣ ለኩሼ፣ ዓይኔ እያነባ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። የውጭ ቁጥር ነው። እሑድ ስላልነበር ደነገጥኩ።

«አቶ ዓለሙ!» ያ ድምፅ ነው።

«አቶ ሙሉነህ? የት ነዎት?»

«ያ ግቢ ውስጥ ነኝ። ቅጠሉ ፊት ለፊቴ ነው።»

  ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ፤ ዝቅ ሲል ሰምቼው አላውቅም ነበር። ይበልጣል ሌላ ትዳር ይዞ ልጅ ወልዷል፤ ለክርስትናው ጠራቸው፤ አሁንም በዚያው በርካሹ ወር። ለእኔ መናገር አፈሩ። እዚያ ከደረሱ በኋላ ግን እናኑን ሳያዩ መመለስ አልሆን አላቸው፤ ማር ይዘውላት ሄዱ።

«አቶ ዓለሙ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ ያን ጊዜም አውቄያለሁ። በሁለተኛው ቀን ልጄ ብርጭቆ ሊያመጣልኝ ተነሥቶ ሦስት ቁም ሣጥን ከፈተ። በራሱ ቤት ብርጭቆ የት እንዳለ አያውቅም። እርስዎ እንዳያዝኑ ብዬ ነው የጮህኩት ሁሉ።»

«እኔም በአራተኛው ቀን አውቄያለሁ» አልኩ።

«በምን?»

«በቁጥር።»

«ኧረ አንቱ ሰውዬ!» ብለው ስልኩን ለልጄ ሰጧት።

«አባባ» አለች እናኑ። «ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ሰላም በይልኝ ይሉኝ ነበር?»

«አንቺስ ለምን እሺ ትይኝ ነበር?»

እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች ለመለየት ጆሮዬን ወደ ስልኩ አስጠጋሁ። «ልንነግራችሁ ነበር እኮ የጠራናችሁ» አለች። «እህል አንቀምስም ሲሉ መድኃኒትዎ ትዝ አለኝ።»

ወዲያው ከበስተኋላዋ ያ ድምፅ ተሰማኝ፤ «እናኑ፣ ዘንድሮ ቅጠሉ ደረቅ ነው! ክብሪቱ ያለበት መሳቢያ የት ነው ያልሽኝ?»

«ልጄ» አልኳት፣ «ክብሪቱን ሳይቀድሙሽ ቶሎ ደብቂው።»

ሳቀች። ከልቧ ሳቀች፣ ከመሄዷ በፊት በቤታችን ትስቀው የነበረውን ሳቅ። ከዚያ መሥመሩ ተቋረጠ። ኅዳር ዐሥራ ሁለት ነበር፣ ከሰዓት በኋላ፤ ቢቸና ከዳር እስከ ዳር ትጨስ ነበር።